እማማ የጠቀለሏቸው ፖሞች

ሰፈሩ ጋሽ አራት ነጥብ ነው የሚላቸው። ስሙን ያወጡላቸው የማተሚያ ቤት ባልደረቦቻቸው ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤ የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀሙ ገጽ ሲደረድሩ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። ክርክር በተነሳ ቁጥር የመጨረሻዋን ቃል ተናግረው ዘወር ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚናገር ሰው ግድግዳ ሲያናግር ይውላል። ጡረታ ወጥተውም አመላቸው አልለቀቃቸውም። የዳቦ ቤቱ ማስታወቂያ ላይ ፊደል ከተገደፈ ገብተው ሳያሳርሙ አያልፉም። ዳቦ ሻጯ ከሩቅ ስታያቸው ሰሌዳዋን ገልብጣ ታስቀምጣለች ይባላል፤ ይሄ እንኳ ሳይጋነን አልቀረም።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው ባለቤታቸው በተቀበሩ በአራተኛው ቀን የጓሮውን ክፍል ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው የከተቱት።

"ፖሞቹን ማንም እንዳይነካብኝ" አሏት ምራታቸውን። "አይፈቱም፣ አይበሉም፣ አይገላበጡም።"

ምራትየዋ የጥርስ ሐኪም ቤት ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው። ባሏ፣ የጋሽ አራት ነጥብ አንድ ልጅ፣ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ በወር ሁለት ጊዜ ብቅ ቢል ነው። ስለዚህ ከቀብሩ በኋላ ቤቱ የሁለት ሰው ቤት ሆነ። በሰባት ዓመት ውስጥ አማቷን ቀና ብላ ተናግራቸው አታውቅም። ያን ቀን ግን ትንሽ ሞከረች።

"አባባ፣ ካልታዩ እኮ ይበላሻሉ።"

"ይበላሹ።"

በቃ። እሷም ሳህኗን ይዛ ወደ ማጠቢያው ሄደች።

ነገሩን ከሥሩ ካላነሳነው ሰውየው ያለምክንያት የደረቁ ይመስላሉ። ጓሯቸው ውስጥ አንዲት የፖም ዛፍ አለች። ያን ያህል ትልቅ አይደለችም፤ ግን በደህና ዓመት መቶ ሃምሳ ያህል ፍሬ ትሰጣለች። ቤቱ ሁሉ እማማ የሚላቸው ባለቤታቸው ያንን ፍሬ ብርዱ እስኪያልፍ ድረስ አራት ወር፣ አንዳንዴም አምስት ወር ያቆዩት ነበር። ማቀዝቀዣ አያውቅም፣ መድኃኒት አያውቅም። ያሏቸው ያቺ ፀሐይ የማይገባባት ጠባብ ክፍል፣ ሦስት የእንጨት መደርደሪያና አሮጌ ጋዜጣ ብቻ ነበሩ።

ለእማማ ፖም ማስቀመጥ ሕግ ነበረው። ፖም ከነጭራው ይለቀማል፤ ጭራው የተነቀለ በዚያው ሳምንት ይበላል። ፖም አይታጠብም። "ላዩ ላይ ያለችው ወዝ ልብሱ ናት" ይሉ ነበር ለምራታቸው፤ "እሷን ካጠብሽበት ራቁቱን ብርድ ላይ እንዳወጣሽው ቁጠሪው።" ድንችና ሽንኩርት እዚያ ክፍል ድርሽ አይሉም፤ ድንቹ ቶሎ ያቆጠቁጣል፣ ፖሙም ጠረን ይስባል። ትልልቁና ለስላሳው ፊት ለፊት ይደረደራል፣ ቶሎ ስለሚያልፍበት። ትንንሹና ጠጣሩ ከኋላ ይሆናል፤ እሱ ብርድ የለመደ ነው፣ እየቆየ ነው የሚጣፍጠው። አንዱ ከአንዱ አይነካካም። አየሩ እንዳይደርቅ መሬት ላይ አንድ ባልዲ ውኃ ይቀመጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እያንዳንዷ ፖም ተፈትታ፣ ዙሪያዋን ታይታ፣ ተሽትታ ትጠቀለላለች። የተጠረጠረች ወደ ወጥ ቤት ትሄዳለች።

ጋሽ አራት ነጥብ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቁም። በትዳር ዘመናቸው ከፖም ጋር የነበራቸው ግንኙነት በጥርስ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት እሳቸው ከጡረተኞች ጋር ዳማ ሊጫወቱ ሲወጡ እማማ ወደ ክፍሏ ይገባሉ፤ ሲመለሱ ምሳ ቀርቧል፣ አንድ ሳህን የተከተፈ ፖም አጠገቡ አለ። ከየት መጣ፣ እንዴት ቆየ ብለው ጠይቀው አያውቁም።

በዘንድሮው ለቀማ ግን እማማ ልባቸው ደክሞ ነበር። መሰላል ላይ የወጣችው ምራትየዋ ናት። እማማ ብርድ ልብስ ተደርቦላቸው ጓሮ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ጋሽ አራት ነጥብ ደግሞ በርጩማ ስበው አጠገባቸው ሆኑና ጋዜጣ በአራት እየቀደዱ ማቀበል ያዙ። ማቀበል ካሉት ነው እንግዲህ። ሰውየው የተጻፈ ነገር ሳያነቡ ከእጃቸው አይወጣም።

"አንተ ሰውዬ" አሉ እማማ፣ "ወረቀቱን ስጠኝ እንጂ ዜናውን መች አልኩህ?"

"ቆይ፣ እዚህ ጋ ስህተት አለ።"

"ፖሙ ማንበብ አይችልም። ስጠኝ።"

ወረቀቱን ጭናቸው ላይ ያነጥፋሉ፤ ፖሟን መሐል ያስቀምጣሉ፤ አራቱን ማዕዘን ወደ ላይ ሰብስበው አንድ ጊዜ ጠምዘዝ፣ ከዚያ ጫፏን ወደ ጎን እጥፍ። አያጠብቁትም። አራት ቀን ፈጀባቸው፤ ጣታቸው ቶሎ ይዝል ነበር። መቶ አርባ ሁለት ፖም ጠቀለሉ። ጠቅልለው በጨረሱ በአሥራ አምስተኛው ቀን አረፉ።

ለቀስተኛው ሁሉ ሲሄድ ጋሽ አራት ነጥብ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩት። የእማማን ልብስ ሌላ ሰው ነው የሰፋው። ድስቱ ፋብሪካ ነው የተሠራው። አልጋውን ጎረቤቶች አንጥፈውታል። እማማ በእጃቸው ሠርተውት እንደነበረ የቀረ ነገር ቢፈልጉ ቢፈልጉ አጡ። በመጨረሻ ወደ ጓሮው ክፍል ገቡ። መቶ አርባ ሁለት ጥቅልል፣ መቶ አርባ ሁለት ጥምዝ ጫፍ፣ ሁሉም በእማማ ጣት የተጠመዘዘ። አንዱ ከተፈታ ያ ጥምዝ ተመልሶ አይመጣም። ሰውየው ይሄ ገብቷቸው ነው በሩን የቆለፉት፤ ፖም አልነበረም የቆለፉበት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ አመሻሽ ላይ፣ ራት ሳይቀርብ፣ ገብተው ሃያ ደቂቃ ያህል በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። መነጽራቸውን አያደርጉም፤ እዚያ ክፍል የሚነበብ ነገር የለማ። ከሩቅ ብዥ ብለው የሚታዩትን ጥቅልሎች ያያሉ፣ የፖሙን ሽታ ይስባሉ፣ ይወጣሉ። ባልዲው ውስጥ ያለው ውኃ የማይጎድለው ለምን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልመጣባቸውም።

ሳምንታት አለፉ። የበሰበሰ ነገር አልሸተተም። ሰውየው ቀስ እያሉ ይኮሩ ጀመር።

"አየሽ?" አሏት ምራታቸውን ቁርስ ላይ፣ ዳቦ ላይ ማርማላታ እየቀቡ። "ይበላሻል ስትዪ አልነበረም? የእሷ እጅ የነካው ነገር እንዲህ በቀላሉ አይበላሽም።"

"እውነትዎን ነው አባባ።"

"ይቺ ማርማላታ ጥሩ ናት። ከየት ነው የገዛሻት?"

"ከዚያ... ከሥራ ቦታ አጠገብ ካለው ሱቅ ነው።"

"ድገሚያት።"

ዳማ ቤትም ወሬው ደረሰ። ጋሽ አራት ነጥብ ጠጠር እየበሉ ስለ እጅና እጅ ልዩነት ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ። አንድ ጡረተኛ ቀለም ቀቢ፣ ሳይነካ የሚቆይ ፖም አይቼ አላውቅም ቢል፣ "እሷን ስለማታውቃት ነው" ብለው አራት ነጥብ አደረጉበት።

በአሥረኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የዓይን ጠብታቸው ካርቶን ውስጥ ያለችውን የአጠቃቀም ወረቀት እያነበቡ ነበር። ሦስት ስህተት አግኝተውባታል። በእርሳስ እየከበቡ ሳሉ ሰዓቱ መድረሱን አይተው ተነሱና እንዳሉ ወደ ጓሮው ክፍል ገቡ። መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ነበር።

በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ዓይናቸው፣ እንደ ልማዱ፣ ፊደል ያለበት ሄደ። ፊት ለፊታቸው ያለችው ጥቅልል ጎኗ ላይ፣ በትልልቅ ፊደል፣ "አዲሱ ድልድይ ትናንት ለትራፊክ ክፍት..." ይላል። የቀረው ታጥፎ ገብቷል።

ጋሽ አራት ነጥብ ደግመው አነበቡት። ድልድዩ የተከፈተው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። እማማ ድልድዩ ሲሠራ ሁለት ዓመት ሙሉ አውቶቡሱ እየዞረባቸው ሲማረሩ ኖረው፣ ሳይሻገሩበት ነው የሞቱት። ይሄ ዜና እሳቸው እጅ ሊገባ አይችልም።

እጃቸውን ዘረጉ። በአሥር ሳምንት ውስጥ አንዱን ሲነኩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ጥቅልሏ ክብደት አልነበራትም። ጫፏን ፈቱ፤ ውስጧ የተጨማደደ ጋዜጣ እንጂ ፖም የለም። ቀጥሎ ያለችውን አነሱ። እሷ ከባድ ናት፤ ፖም አለባት፣ ደህና፣ ቀይ፣ ጤነኛ ፖም። ግን የተጠቀለለችበት ወረቀት ከሁለት ሳምንት በፊት እሁድ የተደረገውን የኳስ ጨዋታ ውጤት ይናገራል። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን አዩ። ጥምዙ ያው የእማማ ጥምዝ ነው፣ እጥፋቱም ያው ነው። ወረቀቱ ግን ሁሉም እማማ ከሞቱ በኋላ የታተመ ነው።

ለአሥር ሳምንት የሌላ ሰው እጅ ሲጠብቁ ኖረዋል።

ምራትየዋ ከሥራ ስትመለስ ጋሽ አራት ነጥብ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ፊት ለፊታቸው ያቺ ባዶ ጥቅልል አለች። ልጅቷ ኮቷን አውልቃ ወንበር ላይ ሰቀለች። አልተጣደፈችም።

"ሌባ ቤቴ ውስጥ ነበር ማለት ነው" አሉ።

"ስንት ሰዓት ላይ ነው ያዩት?"

"የሰዓቱን ነገር ተይው። በየት ገባሽ? ቁልፉ እኔ ኪስ ነው ያለው።"

"ሁለት ቁልፍ ነው ያለው አባባ።"

ይሄን አያውቁም ነበር። በገዛ ቤታቸው።

"ቅዳሜ ቅዳሜ እርስዎ ዳማ ሲሄዱ ነበር የምገባው" አለች። ብዙ ጊዜ የተዘጋጀችበት ነገር ይመስላል። "የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ስድስት ተበላሽቶ አገኘሁ። ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ስምንት። ቆጥረው ይሆናል ብዬ በየቦታው ወረቀት ጠቅልዬ አስቀመጥኩ። ግማሽ ጎኑ ደህና የሆነውን ቆርጬ አበሰልኩት።"

ጋሽ አራት ነጥብ ትንሽ አሰቡ። "ማርማላታው?"

"አዎ።"

"ከሱቅ ነው አላልሽኝም?"

"ዋሽቻለሁ።"

ከዚህ በኋላ ተቆጡ። ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱ፣ ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ እንደገና ተነሱ። የሞተች ሴት እጅ እንዴት ይደፈራል አሉ። ልጄ ነሽ ብዬ አምኜ ባስቀመጥኩሽ አሉ። እነዚያ ወረቀቶች የት ናቸው፣ እሷ የጠቀለለችባቸው የት ገቡ ብለው ጠየቁ።

"ብዙዎቹ ርሰው ነበር። ፖም ሲበሰብስ ወረቀቱን ያረጥበዋል፤ የቀሩትም በየሳምንቱ ሲፈቱ ተቀዳደዱ። ጣልኳቸው።"

"ጣልሻቸው።"

"ጣልኳቸው አባባ። እማማ ናቸው ያዘዙኝ።"

ጋሽ አራት ነጥብ ተመልሰው ተቀመጡ። ልጅቷ ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

"ጠቅልለው የጨረሱ ዕለት ማታ እግራቸውን እያሸሁላቸው ነው የነገሩኝ። ቁልፉንም ያን ጊዜ ነው የሰጡኝ። 'እኔ ካለፍኩ ያ ሰውዬ ማንም አይንካብኝ ይላል፤ አትስሚው' አሉ። 'ፖም ነው፣ ሐውልት አይደለም፣ ካልታየ ይበሰብሳል፤ ሰተት ብለሽ ገብተሽ በየሳምንቱ እይልኝ' አሉ። 'አትንገሪው፣ ሐዘኑ ይውጣለት፣ እስኪያውቅ ዝም በዪ' አሉኝ። እኔ ምን ላድርግ? የእርስዎን ቃል ላክብር የእሳቸውን?"

አርባ ዓመት አብረዋቸው የኖሩት ሴት ገና በሕይወት ሳሉ የዛሬዋን ቁጣ አይተው፣ ለክተው፣ መልሷን አዘጋጅተው ነው የሄዱት። እሳቸው ደግሞ ባለቤታቸውን እጠብቃለሁ ብለው የባለቤታቸውን ትእዛዝ ሲከለክሉ ነው የከረሙት። ይሄ ሁሉ ባንድ ጊዜ ገባቸው።

"ሌላስ?" አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ወርዷል። "ሌላ ምን አለችሽ?"

ምራትየዋ አመነታች። "'ያወቀ ቀን ይቆጣል' አሉ። 'ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ጠረጴዛ ይመታል። ከዚያ ዝም ይላል። ዝም ሲል ነው መፍራት። ያን ጊዜ ሥራ ስጪው፤ እጁን አስፈትተሽ ወንበር ላይ እንዳታስቀምጪብኝ' አሉ።"

ጋሽ አራት ነጥብ መነጽራቸውን አወለቁ። አለቀሱ። በቀብሩ ቀን ያላለቀሱትን አለቀሱ፣ ምራታቸው ፊት፣ ሳይደብቁ። ልጅቷ ውኃ ቀድታ አጠገባቸው አስቀመጠችላቸውና ሽንኩርት መላጥ ጀመረች፤ ቀና ብላ አላየቻቸውም።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ አራት ነጥብ ዳማ ቤት አልሄዱም። ምራትየዋ ባልዲዋን ይዛ ስትመጣ በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው። እጅጌያቸውን ሰብስበዋል።

አብረው ገቡ። ልጅቷ ትንሿን መስኮት ከፈተችና ከላይኛው መደርደሪያ ጀመረች። ትፈታለች፣ ታዞራለች፣ ታሸታለች፣ ለሳቸው ታቀብላለች። እሳቸው ጋዜጣ አንጥፈው ይጠቀልላሉ። የመጀመሪያውን ጥቅልል አይታ ከእጃቸው ተቀበለችው።

"አጠበቁት አባባ። መተንፈስ አለበት።"

"ይሄ ጠበቀ ይባላል?"

"ይባላል። እንደገና ይጠቅልሉት።"

ጋሽ አራት ነጥብ ጥቅልሉን ፈቱት። እንደገና ጠቀለሉት። አምስተኛው ላይ ዝም አለቻቸው፤ አሥረኛው ላይ ከማስታወቂያ በስተቀር ምንም ሳያነቡ መጠቅለል ቻሉ። ባዶዎቹን ጥቅልሎች እየፈቱ ቆጠሯቸው፤ አርባ አንድ ሆኑ። ይሄን ሁሉ ማርማላታ በልቻለሁ ማለት ነው ብለው ሲገረሙ ልጅቷ ሳቀች፤ ከቀብሩ ወዲህ በዚያ ቤት ሰው ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር።

የታችኛው መደርደሪያ ጋ ሲደርሱ ቆም አለች። ከኋላ፣ ግድግዳውን ተጠግተው፣ አሥራ አንድ ትንንሽ ጥቅልሎች በአንድ ረድፍ ተቀምጠዋል። ወረቀታቸው ወይቧል።

"እነዚህን አልነካኋቸውም" አለች። "ጠጣሮቹ ናቸው። 'እነሱ ይቆያሉ፣ ተያቸው፤ እሱ ራሱ ይፍታቸው' ብለውኛል።"

ጋሽ አራት ነጥብ ቁጢጥ አሉ። አንዷን አንስተው ወደ ብርሃን አዞሯት። ወረቀቱን አወቁት፤ ያን ቀን ጓሮ ውስጥ ስህተት አለበት ብለው አልሰጥም ያሉት ቁራጭ ነው። ፊደሉ እስካሁን እንደተገደፈ ነው። ጥምዙ ላላ ብሏል፣ የደከመ ሰው ጥምዝ ነው።

"ዛሬ የግድ አይደለም" አለች ምራትየዋ ቀስ ብላ። "ከፈለጉ እንዳሉ ይቀመጡ። ማንም አይነካቸውም።"

ይሄን ነበር የፈለጉት። አሥር ሳምንት ሙሉ በር የቆለፉት ለዚህ ነበር፤ አሁን በእጃቸው ነው፣ እውነተኛው፣ ያልተነካው። አፍንጫቸውን አስጠጉና አሸተቱ። ከወረቀቱ ሥር፣ ቀጠን ያለ፣ የተብላላ ነገር የሚመስል ሽታ አለ። ከአንድ ሰዓት በፊት ቢሆን ምን እንደሆነ አያውቁም ነበር። አሁን ያውቁታል።

ጥምዙን ያዙ። እጃቸው ብዙ ቆየ። ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ፈቱት። ፖሟ አንድ ጎኗ ላይ የጥፍር ያህል ቡኒ ነቁጥ ይዛለች፤ ሌላው አካሏ ጠጣር፣ ቢጫ፣ ደህና ነው።

"ቢላ አምጪልኝ" አሉ።

ነቁጡን ቆርጠው ጣሉና የቀረውን ለሁለት ገመሱት፤ ግማሹን ለምራታቸው ሰጡ። ቆመው በሉት። ጣፋጭ ነበር፣ ከእስካሁኖቹ ሁሉ ይልቅ ጣፋጭ። ጋሽ አራት ነጥብ አፋቸውን ጠረጉ፣ በርጩማው ላይ ተቀመጡ፣ አዲስ ወረቀት ጭናቸው ላይ አነጠፉና ሁለተኛዋን አነሱ። እሷን ለመፍታት የመጀመሪያዋን ያህል አልቆዩም።